አሜሪካ፣ አውሮፓ እና የእህቴ የትውልድ ዘመን

ባለፈው ሳምንት የዜግነት ትምህርት መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ። «በዛሬው ዓለም የበለጠ ተሰሚነትና ክብር ያለው ማን ነው፤ አሜሪካ ወይስ አውሮፓ? በሁለት ገጽ አስረዱ።» ክፍሉ ወዲያው ተንጫጫ። ከኋላዬ ያሉት ልጆች የእግር ኳስ ክለቦችን መቁጠር ጀመሩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ «ዶላር» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። እኔ ግን ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ካለፈው ዓመት ወዲህ «ጻፉ» ሲባል ደስ የሚለኝ ሰው ሆኛለሁ። ድሮ ብዕር ስይዝ የሚበተነው ሐሳቤ አሁን አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣልኛል። ይህን ማወቄ ራሱ አዲስ ጫማ እንዳደረገ ሰው አድርጎኛል፤ በየመንገዱ ዝቅ እያልኩ አየዋለሁ።

የመጀመሪያውን ገጽ ቶሎ ሞላሁት። ስለ ጦር መርከብ፣ ስለ ፊልም፣ ስለ ድሮ ቅኝ ገዢዎች፣ ስልካችን ውስጥ ስላሉት መተግበሪያዎች። ሁለተኛው ገጽ ላይ «የአንድ ኃያል ክብር የሚለካው» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። የመጣብኝ ነገር ከመጽሐፍ አልነበረም። የእህቴ ጣት ነበር፤ እንጦጦ ጫካ ውስጥ እየሮጠች ከወገቧ በታች ወደ መሬት የምትቀስረው ጣቷ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ነው። ቤታችን አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር፣ ታክሲው ከሚያበቃበት በላይ ነው። የቀረውን ዳገት በእግር እንጨርሰዋለን። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ በጋ ላይ አቧራው ዓይን ያሳክካል፤ መስከረም ሲጠባ ግን የታጠበ ባሕር ዛፍ ሽታ ከላይ ይወርድና ሰፈሩ ሁሉ የተኛበትን አንሶላ የቀየረ ይመስላል። እንግዳ ሲመጣብን ግማሽ መንገድ ላይ ወገቡን ይዞ ይቆማል። እህቴ ፅጌ ግን ያንን ዳገት ለማሟሟቂያ ብቻ ነበር የምትፈልገው።

ፅጌ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃ ብሏት፣ ጠዋት ጠዋት ከአሰልጣኝ ከድር ሠልጣኞች ጋር እንጦጦ ትወጣለች። ስትመለስ በሶዋን በጥብጣ ትጠጣለች፣ ጫማዋን አጥባ አጥሩ ላይ ትሰቅላለች፣ ከዚያ የድሮ የባዮሎጂ ደብተሮቿን ይዛ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። የሰፈሩ ሰዎች ስትሮጥ ሲያዩአት «የሷ ነገር እግሯ ነው» ይላሉ። ደብተሮቹን የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን።

አንድ ቀን አብሬያት ወጥቼ ሲሮጡ አየሁ። ጫካው ውስጥ ጎን ለጎን አይሮጡም። አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው በረገጠበት፣ ሦስተኛው ሁለተኛው በረገጠበት ይረግጣሉ። ፊት የሚሮጠው የዛፍ ሥር ወይም ጉድጓድ ሲያይ አይጮህም፤ ጣቱን ወደ መሬት ቀስሮ ያሳያል። የሚከተለውም ያንኑ ያደርጋል። ምልክቱ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ መጨረሻ ላይ ያለችው ልጅ ዘንድ ይደርሳል። አሰልጣኝ ከድር እንጨት ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«ፊት መሆን ቀላል ነው፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ይሆናል። ፊት ሆኖ ጉድጓዱን ያላሳየ ግን የኋለኛውን እግር ሰበረ ማለት ነው።»

ያን ጊዜ ስለ ሩጫ ብቻ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

ቤታችን ውስጥ አሜሪካና አውሮፓ የሚፋለሙት እሁድ እሁድ ነበር። አባቴ በአንድ የአውሮፓ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ አትክልተኛ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት አበባቸውን ከርክሟል። አክስቴ አልማዝ፣ ታናሽ እህቱ፣ ነርስ ናት፤ ያኔ በአሜሪካ ገንዘብ በሚንቀሳቀስ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ ትሠራ ነበር። ትከሻዋ ላይ የማትለየው ሰማያዊ ቦርሳ የፕሮጀክቱ ምልክት ነበረበት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትመጣለች፣ ቆጮና ጎመን በአይብ ይቀርባል፣ ሁለተኛው ጉርሻ ሳይዋጥ ክርክሩ ይጀመራል።

አባዬ አውሮፓ አሮጌ ዛፍ ነው ይል ነበር፤ ሥሩ ጥልቅ፣ ጥላው ሰፊ። ሕጉም፣ መድኃኒቱም፣ የከተማ ፕላኑም ከዚያ እንደመጣ፣ አሜሪካ ራሷ የሱ ቅርንጫፍ እንደሆነች ያስረዳል። አክስቴ ታዳምጠውና እንዲህ ትለዋለች፦

«ጋሼ፣ ጥላው ለማን ነው የሰፋው? ከአጥሩ ውስጥ ላሉት ነው ወይስ ውጪ ለቆምነው?»

«አሜሪካ ደግሞ ባሕር ዛፍ ናት» ይላል እሱ። «ቶሎ ታድጋለች፤ ሥሯ የደረሰበትን ውኃ ሁሉ ግን ትጠጣለች።»

«ባሕር ዛፍ ባይኖር አዲስ አበባ በምን ትሠራ ነበር? ይሄን ቤት ያቆመው ምሰሶ ምንድን ነው?» ብላ ግድግዳውን በጣቷ ታንኳኳለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ፣ «አባታችሁ ጽጌረዳ ከርክሞ ከርክሞ ራሱ ፈረንጅ ሊሆን ነው» ትላለች።

ዓለም ሲታመም የሚጠራው አሜሪካን ነው ስትለው፣ ማን አሳመመውና ይላታል። እኔ ዳኛ ነበርኩ፤ ግን የማዳላ ዳኛ። አሜሪካ የፊልሞቼ አገር፣ የእንግሊዝኛዬ አገር ነበረች። አውሮፓ አባዬ በሚሠራበት ግቢ ውስጥ እንዳሉት ሰዎች ዝም ያለች፣ በር ላይ ጥበቃ ያቆመች አገር ትመስለኝ ነበር። ፅጌ በዚህ ሁሉ መሃል አትናገርም። ከሁሉም ፈጥና በልታ ትነሳለች።

የዚያ ዓመት መስቀል እንዳለፈ ክርክሩ ከምሳ ገበታ ወርዶ ሕይወታችን ውስጥ ገባ። ፅጌ አንድ የጎዳና ሩጫ ላይ ጥሩ ሰዓት ሮጠች፤ በዚያው ወር ሁለት መልእክት መጣላት። አንዱ አሜሪካ ካለ ትንሽ ኮሌጅ ነበር። አሰልጣኟ ሴት ናት፤ ለትምህርት ቤቱ እየሮጠች በነፃ ልትማር እንደምትችል ጻፈችላት። ሁለተኛው ከአውሮፓዊ ማናጀር ነበር። ሦስት ወር አውሮፓ ወስዶ ያወዳድራታል፤ ከጥምቀት በኋላ መጥቶ ያስፈርማታል። ትምህርት የሚባል ነገር አላነሳም።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐሳብ ነበረው። ባለሱቁ፣ ፀጉር ቤቱ፣ የጎረቤት ሴቶች፤ አንዱ አሜሪካ ከገቡ ወዲያ ዓለም በእጅ ነው ይላል፣ ሌላው አሜሪካ እየወደቀች ነው፣ አውሮፓ ነው የተረጋጋው ይላል። አባዬና አክስቴማ የየራሳቸውን አገር የሚሸጡ ያህል ነበር የሚከራከሩት። አሰልጣኝ ከድር ብቻ ሲጠየቁ፣ «እኔ አገር አላሰለጥንም፣ እግር ነው» ብለው ዞር አሉ። በመጨረሻ አባዬ ፅጌን ራሷን ጠየቃት። ጫማዋን እያጠበች ነበር፤ ቀና ሳትል መለሰች።

«መማር እፈልጋለሁ። የተጎዳ እግር ማከም። ያንን የሚያስተምረኝ ማንም ይሁን።»

አክስቴ አሸነፈች፤ እኔም።

የኮሌጁን ቅጽ የምሞላው እኔ እንድሆን ለመንኩ። የቤቱ እንግሊዝኛ እኔ ነበርኩ። መገናኛ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብተን አንድ ወንበር ለሁለት ተቀመጥን። ከታች የታክሲ ረዳቶች ጩኸት፣ ከጎናችን ፊልም የሚያወርድ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ከመጀመሪያው የሚያስጀምር። ፅጌ ፓስፖርት ገና አላወጣችም ነበርና የልደት ወረቀቷን ዘርግታ ያዘችልኝ። አንድ ጊዜ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ፣ «እስቲ ልየው» አለችኝ። «ተይ፣ እንዳታበላሺው» አልኳት። ወረቀቱ ላይ ያለውን እያየሁ ስም፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት እንደወረደ ገለበጥኩት። ላክነው። ከዚያ ሳምቡሳ ገዝተን እየበላን በእግር ወጣን። በዚያ መንገድ ላይ የነበረኝን ኩራት አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ እህቴን በእጄ ባሕር ያሻገርኩ መስሎኝ ነበር።

መልሱ በገና ጾም መጣ፤ ኢንተርኔት ቤቱ በወረቀት አተመልኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ከዚያ ተረጎምኩት። በውድድር ደንባቸው መሠረት ፅጌ ብቁ አይደለችም። ያመሰግናሉ፤ መልካም ዕድል ይመኛሉ። ሌላ ነገር የለውም።

ፅጌ ወረቀቱን ተቀብላ አጣጥፋ ደብተሮቿ መሃል ከተተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሮቹን ፀሐይ ላይ ይዛ አልወጣችም። ሰፈሩ ግን ምክንያቱን ያውቀው ነበር። ፖለቲካ ነው ተባለ። አሜሪካ ፊቷን አዙራለች፣ ጥቁር አትፈልግም፣ ከመንግሥታችን ጋር ተቀያይማለች ተባለ። አባዬ ሁለት እሁድ ሙሉ ስለ ኃያላን ዕብሪት ተናገረ። አክስቴ ቦርሳዋን አንስታ ቀድማ መውጣት ጀመረች። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ አብሬ አማሁ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አሰልጣኝ ከድር የማናጀሩን ወረቀት ቤት ድረስ ይዘው መጡ። ማናጀሩ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ መልስ ይፈልጋል። ወረቀቱን እንደተለመደው ለእኔ ሰጡኝና በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን እያሰሩ፣ «ዓመቱን በፈረንጅ አድርጊው እሺ፣ ልጆቼን አታስረጂብኝ» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። የእኛ ዘመን ከእነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቆጥር የማያውቅ የኢትዮጵያ ልጅ የለም። እኔም አውቅ ነበር፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቅ ነበር። ሳስበው ግን ያን ቀን መገናኛ የጻፍኩት ዓመት የልደት ወረቀቷ ላይ ያለው ራሱ ነበር። አሜሪካኖቹ እሱን በራሳቸው ዘመን ሲያነቡት እህቴ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ለኮሌጅ ሯጭ ያለፈ ዕድሜ። የከለከላት ኃያል መንግሥት ሳይሆን የእኔ ጣት ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ አክስቴ አልማዝ መጣች፤ እሁድ አልነበረም። ሰማያዊውን ቦርሳ አልያዘችም። የአሜሪካ ገንዘብ ቆመ፤ በአንድ ቀን ደብዳቤ ሥራ አቁሙ ተባሉ፤ መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ እንዳለ ተቆልፎበታል። እሷን የቆጫት የራሷ ሥራ አልነበረም። «ማክሰኞ የቀጠርኳቸው ሰዎች አሉ» አለች፣ «ሄደው የተዘጋ በር ነው የሚያገኙት። አንድ ወር ቀደም ብለው ቢነግሩን ሌላ ቦታ እንልካቸው ነበር።» አባዬ «አላልኩሽም» ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት። ፊቷን አየና አፉን ዘጋ። ከፊቱ የነበረውን ሰሃን ወደሷ ገፋ አደረገው። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ ማንም ስለ አገር አልተከራከረም።

አርብ ጎህ ሲቀድ ፅጌን ተከትዬ ወጣሁ። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ጫካ ውስጥ እነሱ ሲሮጡ እኔ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ጠበቅኋቸው። ሰልፉ በዛፎቹ መሃል ብቅ ሲል ፊት የነበረችው ፅጌ ናት። እኔ ከቆምኩበት አጠገብ የተቆረጠ ጉቶ ነበር። ጣቷን ቀሰረች፤ ከኋላዋ ያሉትም አንድ በአንድ ቀሰሩ፣ አለፉ።

ልምምዱን ሲጨርሱ ወደ ጎን ወስጄ ነገርኳት። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ግማሹን ዋጥኩት። ላቧ እየተነነ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ተደግፋ ሰማችኝ። ከራጉኤል የቅዳሴ ድምፅ ይመጣ ነበር፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች በአጠገባችን አለፉ።

«ስንት ዓመት አደረግሽኝ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ሃያ ስድስት።»

«ለዚያ ነዋ ሰሞኑን ጉልበቴን የሚያመኝ።» ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «እኔ እኮ ብቁ አይደለሽም ሲሉኝ አምኜ ነበር፣ ማርታ። ሰው ፖለቲካ ነው ሲል እኔ በልቤ፣ አይ፣ የማልበቃ መሆኔን አይተው ነው እል ነበር።»

ይህን ከምትለኝ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያንቺ እጅ ነው የጻፈው፣ ያንቺ እጅ ያርመው» አለች። «መጀመሪያ ግን ቤት ሄደሽ ለአባዬ ተናገሪ። አክስቴ ባለችበት።»

ተናገርኩ። ቁርስ ላይ፣ ቆሜ፤ አክስቴም ማታ እኛ ዘንድ አድራ ነበር። አባዬ እስክጨርስ አልጠበቀም፣ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። የሚጮህ አባት ይሻላል። ሲመለስ እጁ አፈር ነበር፤ የሆነ ነገር ሲቆፍር ቆይቷል። «እኔም ሁለት እሁድ ሙሉ ያላጠፋ ሰው ስሰድብ ከረምኩ» አለና ተቀመጠ። አክስቴ ያን ያህል ተጎድታ እንኳ ጎኔ መጥታ ደብዳቤውን አብራኝ ጻፈች። ሁለቱንም ዓመት አስቀመጥን፣ የእኛንም የእነሱንም፤ የቀን አቆጣጠራችን የተለየ መሆኑን አስረዳን። አሜሪካዊቷ አሰልጣኝ በአራተኛው ቀን መለሰች። ነገሩን ስለነገርናት አመሰገነች፤ ቦታው ግን ለሌላ ልጅ ተሰጥቶ ነበር። ለወደፊት በሩ አልተዘጋም አለች።

ፅጌ ለማናጀሩ ፈረመች። ቪዛ ያስፈልግ ስለነበር አባዬ ሃያ ሁለት ዓመት አበባ የከረከመበት ግቢ ቢሮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለራሱ ጉዳይ ገባ። በኢንተርኔት ቀጠሮ ያስይዙ አሉት። ቤት መጥቶ «በትሕትና ነው የነገሩኝ፣ በጣም በትሕትና» እያለ ደጋገመው። ስንት ጊዜ እንዳለው ሳይ ምን ያህል እንዳመመው ገባኝ። በሁለተኛው ሙከራ ቪዛው ተሰጣት።

የመጀመሪያ የአውሮፓ ውድድሯን ሰፈሩ ሁሉ ቤታችን ተጠቅጥቆ በቴሌቪዥን አየ። ፅጌ ፊት ናት። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ዓለም የሚያየው እሷን ነው። አባዬ የሚቀመጥበት ጠፋው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ ወደ መንገዱ ዳር ወጣችና ቆመች፤ ሌሎቹ አልፈዋት ሄዱ። «ምነው፣ አመማት?» አለ አባዬ። የተቀጠረችው ለዚያ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው እንዲያሸንፍ እስከዚያ ድረስ ነፋሱን እንድትሰብር እንደሆነ፣ ጋዜጠኛው በእንግሊዝኛ ያለውን ተርጉሜ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። አክስቴ ቀስ ብላ፣ «ፊት የሚሮጥ ሁሉ መሪ አይደለም ለካ» አለች።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ፅጌ ተረከዟን አሟት ተመለሰች። አሁን እዚሁ አዲስ አበባ የጤና ኮሌጅ ትማራለች፤ ሲሻላት ደግሞ እንጦጦ ትወጣለች። አክስቴ ሌላ ክሊኒክ ገብታለች። አባዬ አሁንም ይከረክማል። እሁድ እሁድ ክርክሩ ተመልሷል፣ ግን ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ የሚወዱትን ነገር ጉድለት ያዩ ሰዎች ዓይነት ክርክር ነው።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ያቋረጥኩትን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ብዬ ጨረስኩት፦ «የአንድ ኃያል ክብር የሚለካው ፊት በመሆኑ ሳይሆን ጉድጓዱን ለሚከተለው በማሳየቱ ነው። በዚህ መለኪያ አንደኛዋ ሳታስጠነቅቅ ድንገት ቆማለች፣ ሌላኛዋ በትሕትና በሩን ዘግታለች። እኔም አንድ ጊዜ ፊት ሆኜ ጣቴን አልቀሰርኩም፤ ስለዚህ በሁለቱ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም።» መምህራችን በቀይ፣ «ጥያቄውን አልመለስሽም። ግን መጻፍሽን ቀጥይ» ብለው መለሱልኝ። ወረቀቱን እስከ ቤት ድረስ በደረቴ ይዤው ወጣሁ፤ ዳገቱ አልታወቀኝም።

ቤት ስደርስ ፅጌ አሜሪካዊቷ አሰልጣኝ የላከችላትን አዲስ ቅጽ ስልኳ ላይ ከፍታ ትጠብቀኝ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስሟን ጻፍኩ። የአባቷን ስም ጻፍኩ። የትውልድ ዘመን የሚለው ቦታ ስደርስ ጣቷን ብቻ ቀሰረች።